ደገመላት ወይስ ደገመባት

ጋምቤላ ገበያ ዳር፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮው ወደ አንድ ወገን ያዘመመ በረንዳ አለ። ሱሪው የተተረተረበት ሰውም፣ ሌሊት እየባነነ እንቅልፍ ያጣ ሰውም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ባለ በረንዳው ሸህ አራጋው ሙሄ ናቸው። ሸህ በሉኝ ብለው አያውቁም፤ እንዲያውም እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሸህ የሚባለው ኪታቡን ቀርቶ፣ አንብቦ የጨረሰ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ማን ሰምቷቸው። ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት ቀጥሎ የስፌት መኪናቸውን ገፋ አድርገው የሰፈሩን ልጆች የዐረብኛውን ፊደል፣ አሊፍ ባ ሲያስቀሩ ያየ ሁሉ ሸህ ብሏቸው ቀረ። አኝዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ከደጋ የመጣው መምህርም ሸህ ነው የሚላቸው። ስለ እሳቸው የሚያወራ የጋምቤላ ሰው ደረቱን ትንሽ ነፋ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ምክንያትም አለው።

ሲህር፣ ማለትም ድግምት የሚባል ነገር የለም የሚሉ ሰው አይደሉም። ቁርአን አለ ያለውን እኔ ማን ነኝና የለም እላለሁ ባይ ናቸው። ሲህር ባልና ሚስት እንደሚለያይ፣ ሰው ሊያሳምምም ሊያሳብድም እንደሚችል፣ ግን ያለ አላህ ፈቃድ አንዲት ፀጉር እንደማያነቃንቅ ለጠየቃቸው ሁሉ ረጋ ብለው ያስረዳሉ። ሲህር የሚሠራ ሰው ሃይማኖቱን እንደሸጠ፣ ጠንቋይ ቤት ሄዶ የጠየቀም የአርባ ቀን ሶላቱ እንደሚቀርበት ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ይጠነክራል። መድኃኒቱ ከቁርአን ፋቲሃ ነው፣ አየተል ኩርሲ ነው፣ ሁለቱ ቁል አዑዙዎች ናቸው። ገብስማ ዶሮ አምጣ፣ ጥቁር በግ እረድ ብሎ ነገር እሳቸው ዘንድ የለም።

ጋምቤላ ደግሞ የወባ አገር ነው። ተጨንቆ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ደምህን ታይተሃል ወይ ብለው ነው። ካልታየ ቁጭ ሳይል ወደ ጤና ጣቢያ ይመልሱታል። «ወባን ሲህር ብላችሁ ስሟን አታክብሯት» የምትል አነጋገር አለቻቸው፤ ነርሶቹ ሳይቀሩ እየደጋገሙ ይስቁባታል።

አንድ የማያደርጉት ነገር አለ። ይህን ያደረገብህ እገሌ ነው፣ እገሊት ናት ብለው ስም አይጠሩም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ትራሱ ውስጥ ያገኘውን፣ ከፀጉር ጋር ተጎንጉኖ የተቋጠረ ክር ይዞ መጣ። ሸህ አራጋው ቁል አዑዙ ቢረቢል ፈለቅን እየቀሩ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈቱና ክሩን አቃጠሉት። ሰውየው ግን አልረካም። ማን እንዳሰረው ይንገሩኝ ብሎ ለመናቸው፤ ልመናው አልሆን ሲለው ተቆጣቸው። እሳቸውም የተማሩት መፍቻውን መሆኑን፣ ያሰረውን የሚያውቀው ፈጣሪው ብቻ መሆኑን ነግረውት ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ነጋዴው ከዚያ ወዲያ ሌላ ልብስ ሰፊ ፈለገ።

ሚስታቸው ፋንቱ በዚህ ግትርነታቸው አንዳንዴ ትበሽቃለች። ስም የሚጠራ አዋቂ ደጁ በሰው ሲጨናነቅ እያየች፣ እሷ ባሏ በእውነተኛው መጽሐፍ እያከመ ሰው ሲቀየመው መኖሩ አይዋጥላትም። አንድ ቀን እንኳ ብትናገር ምን ነበረበት ትላቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ እንጂ ምክንያቱን ነግረዋት አያውቁም።

ከበረንዳው ፊት ለፊት አባንግ ዓሣ ትሸጣለች። አኝዋክ ናት፣ ሃይማኖቷ ፕሮቴስታንት፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ከሸህ አራጋው ጋር ለብዙ ዓመት ተጎራብተዋል። አማርኛዋ ፈጣንና ደፋር ነው፤ አንተና አንቱ አይለይላትም፣ ወንዱንና ሴቱንም አንዳንዴ ታቀላቅለዋለች። ሸህ አራጋውም ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ ክልል አቦቦ ላይ ያደጉ ሰው ሆነው ሳለ አኝዋክኛቸው እስከ ዛሬ ከሰላምታ አላለፈም። የዓሣ ዋጋ በአኝዋክኛ ሊጠይቁ የሞከሩ ቀን ዓሣ ሻጮቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። በቋንቋ ነገር ተሳስቀው ነው የሚተላለፉት።

የአባንግ ልጅ ሜላት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈተናው ሲቃረብ ከእንቅልፏ እየጮኸች መነሣት ጀመረች። ሆስፒታል ወስደዋት ወባ ተገኘባትና መድኃኒቷን ጨረሰች፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ፍርሃቱ አልለቀቃትም። አጎቷ ኦሞድ፣ ባጃጅ የሚነዳው የአባንግ ወንድም፣ ጥፋተኛዋን ገና ከመጀመሪያው አግኝቷታል። እሱ እንደሚለው ከቤታቸው ጀርባ ብቻዋን የምትኖረው አሮጊቷ አጁሉ ናት። በዚያ ሰፈር ልጅ በታመመ ቁጥር የሚነሣው የአጁሉ ስም ነው። ባሏም ልጆቿም ቀድመዋት ሞተዋል፤ ሰው ደግሞ ብቻዋን የቀረች አሮጊት ሲያይ እሷን ምን አተረፋት ማለት ይወዳል።

አባንግ ቢጨንቃት ዓሣዋን ትታ ወደ በረንዳው ተሻገረች።

«ሸህ፣ አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ» አለች። «አጁሉ ነው? ንገረኝ።»

ሸህ አራጋው የስፌት መኪናውን መዘውር በእጃቸው ያዝ አድርገው አቆሙት። እንደማያውቁ፣ ቢያውቁም እንደማይናገሩ ነገሯት። ልጅቷ ደሟን መታየቷን፣ መድኃኒቷን በትክክል መጨረሷን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ «አንቺ በሃይማኖትሽ ጸልዪላት። ከፈቀድሽ ደግሞ እኔ ቁርአን እቀራባታለሁ» አሏት።

አባንግ ፈቀደች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ በር ተከፍቶ፣ እናትየው አጠገቧ ተቀምጣ፣ ሸህ አራጋው ከልጅቷ ራቅ ብለው ቁጭ አሉና ቀሩ። ሜላት መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ እዚያው የተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸውም አብሽሪ፣ አላህ ያሽራታል ብለው ወጡ። ልጅቷ እስከ ጠዋት አልተነሣችም፤ እንደዚያ ከተኛች ሰንብታ ነበር።

አባንግ ደስታዋን በሆዷ የምትይዝ ሴት አይደለችም። ጠዋት ዓሣዋን ሳታወርድ ለገበያው አወራች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስም ማይኩን ተቀበለችና በአኝዋክኛ ጌታን አመሰገነች፤ ከዚያ ደገኞቹም እንዲሰሙላት ብላ ወደ አማርኛ ዞረች። «ሸህ አራጋው ልጄን ደገመባት» አለች እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። «በጣም ደገመባት።»

እንግዲህ አማርኛ የሚባለው ቋንቋ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ደገመላት ማለት ጸለየላት ነው። ደገመባት ማለት ድግምት ሠራባት ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ፊደል ናት፣ አንዲቷ ፊደል ግን ሰው ታስገድላለች። ደገኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ እንባዋ እየወረደ የምትመሰክረው የመከራ ምስክርነት መሰላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ነገሩ በዚሁ ቢቆም አባንግ ራሷ ታርመው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት የሜላት ወባ አገረሸ፤ ልጅቷ ሆስፒታል ተኛች፣ እናትየውም አብራ ገባች። ገበያው ወሬውን ብቻውን ይዞት ቀረ። ይኸው፣ ሸሁ በደገሙባት ልጅቷ ወደቀች ተባለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሸህ አራጋው መጨረሻ የሰሙ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያስተዋሉት አሊፍ ባ የሚቀሩት ልጆች ቁጥር ማነሱን ነው። ከዚያ የደንብ ልብስ ጨርቅ ሰጥታቸው የነበረች አንዲት መምህርት ሳይሰፋ ይመልሱልኝ አለች፤ ምክንያቱን ስትጠየቅ ዓይኗን ሰበረች። በመጨረሻ ፋንቱ ከገበያ እያለቀሰች ገባች። ጠንቋዩ እያሉ ነው የሚጠሩህ አለቻቸው።

ሸህ አራጋው ተነሥተው ውዱእ አደረጉ፣ ሁለት ረከዓ ሰገዱ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ከምንጣፉ አልተነሡም። ሌባ ቢባሉ ያስረዱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው አንገት ክታብ ሲፈቱ፣ ሰውን ከጠንቋይ ደጅ ሲመልሱ ኖረው ጠንቋይ መባል ግን እንደ ቢላ ገባባቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሳቸው ስም ገና በቁማቸው ሊቀበር ነበር።

ኦሞድ ለቀበሌው አመለከተ። ይህ ሰው ከገበያው በረንዳ ይነሣ፣ ልጆችም እሱ ዘንድ አይሂዱ አለ። ቀበሌው ነገሩ ወደ ሃይማኖት ጠብ እንዳይሄድ ፈርቶ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ሰበሰበ። ስብሰባውን የመራው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው ዘውዱ ነው፤ ጎንደር ተወልዶ ጋምቤላ የከረመ፣ የቄስ ልጅ። ሙስሊሙ በአንድ ወገን፣ ክርስቲያኑ በሌላ ወገን ተቀመጠ። ማንም እንደዚያ ተቀመጡ አላላቸውም፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ይኸው ነበር። አጁሉም መጥታ ከሁሉ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ መቅረት ከመምጣት የባሰ መሆኑን ታውቃለች።

ኦሞድ ክሱን ተናገረ። ሸህ አራጋው ቁርአን መቅራታቸውን አልካዱም፤ ሲህር ግን ክህደት መሆኑን፣ እሳቸው ከዚያ እንደሚሸሹ ተናገሩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። ያን ጊዜ አባንግ ልጇን ደግፋ ከሆስፒታል ደረሰች። ሜላት ከስታለች፣ ግን በእግሯ ነው የመጣችው። ዘውዱ ከመቀመጧ በፊት ሸሁ ልጅሽን ምን አደረጓት ብሎ ጠየቃት።

አባንግ ወዳጇ መከሰሳቸውን መንገድ ላይ ሰምታ ኖሮ በንዴት ነበር የገባችው። ልታድናቸው ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ደገመባት» አለች። «እኔ ራሴ አይቻለሁ። ቁጭ ብሎ፣ በደንብ አድርጎ ደገመባት።»

ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ዘውዱ ጸጥታ ለማስከበር ጠረጴዛ ደበደበ። ሸህ አራጋው ጆሯቸውን አላመኑም፤ ከሰው ሁሉ አባንግ ትመሰክርብኛለች ብለው አልጠረጠሩም ነበር።

ጫጫታው ጋብ ሲል ኦሞድ እንደገና ቆመ። የዚህን ጊዜ ድምፁ ለስልሶ ነበር። እሱም በልቡ ሸሁን የሚያክል ሰው ማባረር ሳይከብደው አልቀረም፤ መውጫ የሚሆን መንገድ ያመጣላቸው መስሎት ነው። አንተ ካልሆንክ ያደረገችውን ታውቃለህ አላቸው። እጁንም ወደ ኋላ፣ ወደ አጁሉ ጠቆመ።

«እሷ ናት በል። አንድ ቃል ብቻ ተናገር፣ እኔ ክሴን አነሣለሁ፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

 አጁሉ አማርኛ አታውቅም፣ የተዘረጋ ጣት ግን ያለ አስተርጓሚ ይገባታል። አንገቷን አቀረቀረች። ሸህ አራጋው ወደ ሴቶቹ ወገን ቢያዩ ፋንቱ በዓይኗ በል እንጂ ትላቸዋለች። አንድ ቃል ነው። ስማቸው ይመለሳል፣ ልጆቹ ይመለሳሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተመልሶ ይቀላቀላል። ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ ማንም የማያዝንላት አንዲት አሮጊት ብቻ ናት።

«ያላየሁትን አልመሰክርም» አሉ ሸህ አራጋው።

ከዚያ ሊቀመጡ ነበር፣ ግን ተመልሰው ቆሙ።

«አቦቦ ስንሰፍር ልጅ ነበርኩ» አሉ። «ሕፃናት በወባ አለቁብን። ወላጆች ጠንቋይ ዘንድ ሄደው ጠየቁና የእናቴን ስም ጠራላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከናቴ ቤት እሳት የጫረ ሰው የለም። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ምንጩን ጥለውላት ይሄዱ ነበር። ስትሞት ቀባሪ ጠፍቶ አባቴ ከሩቅ መንደር ለምኖ አመጣ። በላቻቸው ከተባሉት ልጆች ሁለቱ እሷ የወለደቻቸው ነበሩ፤ ታናናሾቼ።»

 ሸህ አራጋው ቀጠሉና ነቢዩም ሲህር ተሠርቶባቸው እንደነበር፣ አላህ ካሻራቸው በኋላ ነገሩን ለሰው ይፋ አያወጡትም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ እኔን አላህ አሽሮኛል፣ በሰው መካከል ክፉ መቀስቀስ አልወድም ማለታቸውን ተናገሩ። እሳቸው የተውትን እኔ አላነሣውም አሉ። ከበረንዳው ተነሣ ካላችሁኝ እነሣለሁ ብለው ተቀመጡ። ፋንቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብራ ኖራ የአማቷን ነገር ያን ቀን መስማቷ ነበር።

ዘውዱ ከቅድም ጀምሮ አንድ ነገር ሲያብላላ ቆይቷል። አባቱ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ደገመ የሚለው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ያውቃል። ወደ አባንግ ዞሮ ሸሁ ከደገሙ በኋላ ልጅቷ ባሰባት ወይስ ተሻላት ሲል ጠየቃት። እስከ ጠዋት ተኛች አለችው። ታዲያ ያደረጉት ክፉ ነው ደግ ነው ቢላት በጣም ተቆጣች። ክፉ ያለው ማን ነው፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን ያመሰገንኩት ሰው ነው አለች።

«እንግዲያ ደገመላት በይ እንጂ» አለ ዘውዱ። «ደገመባት ምን አመጣው?»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች አባንግ። «እናንተ ደገመ ትላላችሁ። ሸህ ደግሞ ራሱ በአፉ እቀራባታለሁ አለኝ። ባ ያለው እሱ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ሸህ አራጋው ናቸው። እውነቷን ነበር። ሙስሊሙ ለፈውስ ሲሆን ቁርአን ቀራባት ይላል፤ ደገኛው ክርስቲያን ጸሎት ደገመላት ይላል። አባንግ ከሁለቱም ጎረቤቶቿ እኩል ተምራ፣ ከአንዱ ግንባሩን ከሌላው ጭራውን ወስዳ ነበር ያመሰገነችው። ሸህ አራጋው እንባቸውን እየጠረጉ «ልጆቹን አሊፍ ባ ሳስተምር ኖሬ ባዋ እኔኑ ያዘችኝ» ቢሉ ከሙስሊሙ ወገን የተነሣው ሳቅ ክርስቲያኑ ወገን ደረሰ። ጨርቋን መልሳ የወሰደችው መምህርት ከሁሉ ይልቅ ሳቀች፤ ሐፍረትም ሲሆን ያስቃል። ኦሞድ ብቻ ቆሞ ቀረ። ሜላት በአኝዋክኛ ስታስረዳው ኮፍያውን አወለቀ፣ መጥቶም ሸህ አራጋው ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እሳቸው ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት። ዘውዱም ስብሰባው አበቃ አለ።

ሰዉ ተቀላቅሎ መነሣት ሲጀምር አጁሉ ከኋላ ቆመች። በዱላዋ መንገድ እያስለቀቀች ወደ ፊት መጣችና ሸህ አራጋው ፊት ስትደርስ በአኝዋክኛ ተናገረች። ቀስ ብላ፣ እያረፈች ነበር የምትናገረው። ሜላት አጠገቧ ቆማ ተረጎመች።

«በዚህ ሰፈር ልጅ ሲታመም እኔ ዕቃዬን እሰበስባለሁ ትላለች። ዛሬም ሰብስቤ ነው የመጣሁት፣ ቤቴን ሊያቃጥሉት ይችላሉ ብዬ። ስሜን የሚጠሩ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ ትላለች። ተጠይቆ ያልጠራኝ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ ትላለች። እናትህ ጥሩ ሰው ነበረች ትላለች።»

ሸህ አራጋው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአሮጊቷ ጎንበስ አሉላት። ለእናታቸው እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ያን ጊዜ ፋንቱ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ማንንም ሳታማክር አጁሉን በክንዷ ደገፈቻትና በገበያው መካከል፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት በዋናው መንገድ፣ ወደ አሮጊቷ ቤት ይዛት ሄደች። ቤቷ ስትደርስ እሳት አጥታ እንደሆነ ፋንቱ ከራሷ ምድጃ እንደምትጭርላት፣ ነገ ደግሞ ራሷ መጥታ ከአጁሉ ምድጃ እሳት እንደምትጭር ጮክ ብላ ትናገር ነበር። አጁሉ ቃሉ አልገባትም፤ ሰፈሩ ግን እንዲገባው ነበር የተነገረው። ሸህ አራጋው ለልጆቹ ኩራት ኃጢአት ነው እያሉ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ከኋላ ቆመው እያዩአት በሚስታቸው ኮሩ።